የጓሳ ሣር፣ የኩበት ጭስና የደብረ ብርሃን ውሃ፦ የሥነ ምህዳር አገልግሎት በሰሜን ሸዋ

በመንዝ ደጋ ቤት ለዘመናት ሲከደን የኖረው በጓሳ ሣር ነው። ገመዱም፣ ለዝናብ የሚደረበው ገሳም፣ መጥረጊያውም ከዚሁ ሣር ይሠራል። ሣሩ ስሙን ያወረሰው የመንዝ ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ውርጫማ ምድር ነው። ተፈጥሮ ለሰው የምትሰጠው ጥቅም ምን ያህል ያወጣል ለሚል ሰው በኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የሥነ ምህዳር አገልግሎት የሚባለው ደን፣ ሣር፣ አፈርና ውሃ ለሰው የሚያበረክቱት ጥቅም ነው። እንጨቱና ማሩ ገበያ ይወጣሉ፤ ጎርፍን መግታት፣ ምንጭን ማጎልበትና አፈርን ማዳበር ግን ሻጭም ገዢም ስለሌላቸው ዋጋ የሌላቸው ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሮበርት ኮስታንዛና ባልደረቦቹ የዓለምን ሥነ ምህዳር ዓመታዊ አገልግሎት በአማካይ 33 ትሪሊዮን ዶላር ብለው ገመቱት፤ በጊዜው ከነበረው የዓለም ጠቅላላ ምርት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ግምቱ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ያም ሆኖ ጉዳዩን ከሥነ ሕይወት ሊቃውንት አውጥተው ወደ ገንዘብ ሚኒስትሮች ጠረጴዛ ካደረሱት ጥናቶች አንዱ እርሱ ነው።

መንዞች ግን ጓሳን የተመኑት በገንዘብ ሳይሆን በትዕግሥት ነበር። ቄሮ በሚባለው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደጀመረ በሚነገረው ሥርዓት አስቦና ጌራ የተባሉት የቀደምት አባቶች ተወላጆች የጋራ መሬታቸውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነበር። ሣሩ ሲደርስ የሕዝቡ ተመራጭ የሆነው አባ ቄራ ቀን ቆርጦ ያስከፍት፣ ሁሉም በበጋው ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ሰው ከጓሳ ይወርድና ዳግመኛ ይዘጋ ነበር። የዘመኑ ምጣኔ ሀብት ስለ ዘላቂ አጠቃቀም የሚለውን ሁሉ ይህ ሥርዓት ያለ ወረቀት ሲሠራበት ኖሯል።

በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ሥሪት ለውጥ ርስትን ሲሽር ቄሮም ከርስቱ ጋር ወደቀ። ለጭሰኛው ፍትሕ ያመጣው አዋጅ ጓሳን ጠባቂ አሳጣው፤ የሁሉም የሆነው መሬት የማንም ሆነ፣ ግጦሹና አጨዳውም ልክ አጣ። በኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች ኮሚቴ አቁመው ጥበቃውን መልሰው በእጃቸው ያስገቡት ጉዳቱን በዓይናቸው ስላዩ ነው። ዛሬ ቦታው በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ክልል ነው።

በዚያ ክልል ውስጥ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ጎን ለጎን ይውላሉ። ቀበሮው ጭላዳውን ብዙውን ጊዜ አይነካም፤ ይልቁንም በመንጋው መካከል ሲዘዋወር አይጥ ማደን ይቀለዋል። በጓሳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ቀበሮ በጭላዳ መካከል ሲያድን ከሙከራው 67 ከመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 ከመቶ። ጎብኚ ከሩቅ አገር የሚመጣው ይህን ለማየት ነው፤ ገቢው የሚጠቀሰውም በዚህ በኩል ነው። ትልቁ ሀብት ግን ውሃው ነው። ጥቅጥቅ ያለው ሣር ዝናቡንና ጉሙን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ከዚህ ደጋ የሚወርደው ውሃ በምዕራብ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ሒሳቡ በሌላ ነገር ይታያል፤ በኩበት። ዛፍ በሳሳበት በዚህ ደጋ በየግቢው የተከመረው ኩበት ምድጃ ያሞቃል፣ ገበያም ይወጣል። ኬኔት ኒውኮምብ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ባንክ ባዘጋጀው ጥናት የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዞ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ደን ሲጠፋ ሰው ኩበት ያነዳል፣ ማዳበሪያውን የተነጠቀ ማሳም ምርቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ማገዶ የሚሆን ዛፍ የሚተክል ገበሬ ያተረፈው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ወደ ማሳው የተመለሰው እበት የሚጨምረው ገብስም የዛፉ ፍሬ ነው።

እንዲህ ያለ ተመን ግን ሁልጊዜ ከተማኙ ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው። ላርስ ሃይንና ፍራንዝ ጋትዝቫይለር እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮጵያን የጫካ ቡና ዝርያ ሀብት ሲተምኑ፣ የወደፊቱን ጥቅም በዓመት በ5 ከመቶ ቢቀንሱት 1.458 ቢሊዮን ዶላር፣ በ10 ከመቶ ቢቀንሱት 420 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። ቡናው አንድ ነው፤ የተለያየው ለልጅ ልጅ የተሰጠው ክብደት ነው።

ወደ ሰሜን ሸዋ ስንመለስ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውንና በአናቱ ያለውን አስታ ይዞ በገደሉ ላይ ቆሟል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ መናገሻን ያስለሙት ከዚህ በተወሰደ የጽድ ዘር እንደሆነ ይነገራል፤ አንድ ደን ለሌላው እናት ሆነ ማለት ነው። በአንኮበር ስም የምትጠራው ትንሽ ወፍም ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። ለእርስዋ የሚቆረጥ ዋጋ የለም፤ ገደሉ ከተራቆተ የሚተካትም የለም።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ሐበሻና ዳሽን ቢራ እዚያ ይጠመቃሉ፤ ብርድ ልብስ ብቻ ይሸመንባት ከነበረው ዘመን አልፋለች፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመርቋል። ቢራ ገብስና ውሃ ነው፤ ገብሱ የአፈሩ፣ ውሃው የደጋው ሥራ ነው። የዞኑና የከተማው ዕቅድ አዘጋጆች ለአንድ ፋብሪካ መሬት ሲመድቡ የመንገዱንና የመብራቱን ወጪ እንደሚያሰሉ ሁሉ፣ ውሃውን የሚያጠራቅመውን ሣርና ማሳውን የሚያለማውን እበት በዚያው መዝገብ ላይ ያስፍሩ።