ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ቢበጠስስ?

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ ስለ ኢንተርኔት አላሰቡም። አባባሉ ግን የዘመኑን የዲጂታል አገልግሎት አሠራር በሚገባ ይገልጸዋል። በስልክ ላይ አንድ መስሎ የሚታየው አገልግሎት ከብዙ ድርጅቶች ሥራ የተገመደ ነው። ካርታው ከአንዱ፣ ክፍያው ከሌላው፣ የማረጋገጫ መልእክቱ ደግሞ ከሦስተኛው ይመጣል።

ላሊበላን ለማየት የሚነሳ የውጭ አገር እንግዳ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቪዛውን ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ባስፋፋችው የኦንላይን አገልግሎት ያወጣል። የአውሮፕላን ትኬቱን በሌላ ገጽ ይቆርጣል፤ ሆቴሉን በሌላ ይይዛል፤ ክፍያውን ሩቅ አገር ያለ ባንክ ያረጋግጣል። ከእነዚህ አንዱ ከተቋረጠ እንግዳው ይቀራል። ላሊበላ ላይ ደግሞ አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁና በቅሎ አከራዩ ባዶ እጃቸውን ይውላሉ።

በሌላ ሰው ድር ላይ መንጠልጠል ዋጋ እንዳለው ዓለም ቀድሞ አይቶታል። በፈረንጆቹ 2005 ጎግል ካርታውን ለውጭ ፕሮግራመሮች ሲከፍት፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ድረ ገጾች ካርታውን ከራሳቸው መረጃ ጋር አዋህደው አዳዲስ አገልግሎት ፈጠሩ። በ2018 ግን ኩባንያው የክፍያ ደንቡን ለወጠ። የክፍያ አካውንት ያላስመዘገቡ ገጾች ካርታቸው ጠቆረ። የገጾቹ ባለቤቶች አንድም መስመር ኮድ አልነኩም፤ የተለወጠው የቆሙበት መሬት ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ የሚጀምረው በተቃራኒው፣ ካለመገናኘት ነው። ለዓመታት የአንዱ ባንክ ካርድ በአብዛኛው ከራሱ ባንክ ኤቲኤም ውጪ አይሠራም ነበር። ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች ኤቲኤሞቹን እርስ በርስ አገናኘ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ቀጥሎም እንደ ቻፓ ያሉ ድርጅቶች ብዙ ባንኮችንና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶችን ከአንድ በር ጀርባ ሰበሰቡ። ነጋዴው አንድ ጊዜ ይገናኛል፤ ከጀርባ ያለው ባንክ አሠራሩን ሲለውጥ የመላመዱ ጣጣ በመሐል ያለው ድርጅት ይሆናል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ፈተናው ላስታ ላይ ቶሎ ደረሰ። ቴሌብር ሦስት ወር ሳይሞላው፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ላሊበላ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጡ። ያን ጊዜ የትኛውም አፕ፣ የቱንም ያህል በጥበብ ቢሠራ፣ አንዲት ብር ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። የሚሠራው በኪስ ያለ ጥሬ ገንዘብና የጎረቤት እምነት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና መልኩ የተለየ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲቀሰቀስ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ የተወሰነው በዚያው ዓመት ነበር። መንግሥት በአንድ እጁ ሕዝቡን ወደ ዲጂታል ሲገፋ በሌላው መስመሩን ዘጋ ማለት ነው።

ቢሆንም ሁሉም ነገር አልሞተም። የስልክ ኔትወርክ ባለበት ቦታ *127# ብሎ ቴሌብርን፣ *889# ብሎ የንግድ ባንክ ሂሳብን ያለ ኢንተርኔት ማንቀሳቀስ ይቻላል። ሂሳቡ ያው፣ ገንዘቡም ያው ነው፤ በሩ ግን ሁለት ነው። ዘመናዊ ስልክ የያዘ ሰው ኋላ ቀር ብሎ የሚንቀው የኮከብና የመሰላል አገልግሎት፣ አፑ ድዳ ሲሆን ሥራውን ይቀጥላል።

ለአገራችን የሶፍትዌር ባለሙያዎች ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። አገልግሎቶችን መገጣጠም ቀላሉ ሥራ ሆኗል፤ ከባዱ አንዱ ቁራጭ ሲጎድል ቀሪው እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ፈጣን ኔትወርክ ላይ ብቻ የተሞከረ አፕ ለላስታ አልተሠራም። ኔትወርክ ሲጠፋ ጥያቄውን ይዞ የሚቆይ፣ ሲመለስ ራሱ የሚልክ፣ አንዱ ባንክ ሲዘጋ ወደ ሌላው የሚዞር፣ በአጭር መልእክትም የሚሠራ አገልግሎት መሥራት ይቻላል። የላሊበላ ሆቴልም ቦታ ማስያዣውን በአንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ባይጥል፣ የቋሚ ደንበኞቹን ስልክ በደብተርም ቢይዝ ይጠቀማል።

የባለሙያው ጥበብ ግን ወሰን አለው። ለተሰበረ ቁራጭ መተኪያ ይገኛል፤ በትእዛዝ ለተዘጋ መስመር ግን ኮድ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ጥያቄው ወደ መንግሥትም ይዞራል። ነዳጁንም፣ ግብሩንም፣ መታወቂያውንም በአንድ ድር ላይ የሚያስር አካል፣ ድሩን በሚበጥስበት ቀን ዜጋው በምን እንደሚኖር አስቀድሞ መመለስ አለበት። ሁለተኛ በር ሳያዘጋጁ ጥሬ ገንዘቡንና ወረቀቱን ማስቀረት ሕዝቡን ደጅ ላይ አስቁሞ ቁልፉን እንደ መጣል ነው።