ኪዳንና ፈቃድ፦ የመዳን ዋስትና በዋግና በላስታ ትውፊት

የሰው ፈቃድ ነጻ ነው ወይስ በኃጢአት የታሰረ? የዳነ ሰውስ ድኅነቱን ሊያጣ ይችላል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በምዕራቡ ነገረ መለኮት የማይነጣጠሉ ናቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን በብዛት የሚነሡት በሌላ በር፣ በቃል ኪዳን በኩል ነው። ክርስቶስ ለእመቤታችን ወይም ለአንድ ጻድቅ የገባው የምሕረት ኪዳን የሰውን ምርጫ ያስቀራል ወይስ ምርጫውን ይጠይቃል? ጉዳዩ በዋግና በላስታ ደጋ በተለይ ጎልቶ ይታያል፤ የዋግ ሹሞች ዘራቸውን የሚቈጥሩባቸው የዛጉዌ ነገሥታት በዚያው ምድር የቅዱሳን ማዕርግ ይዘው፣ ገድል ተጽፎላቸውና ኪዳን ተቀብለው ይዘከራሉና።

የአውሮፓው ክርክር በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። አውግስጢኖስና ጴላግዮስ በአምስተኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ ኤራስመስና ሉተር በ1524 እና በ1525፣ የአርሚንዮስ ተከታዮችና ካልቪናውያን ደግሞ በዶርት ጉባኤ (1618–1619) ተሟግተውበታል። ዶርት የተመረጡት እስከ ፍጻሜ ይጸናሉ ብሎ ወሰነ። የኢትዮጵያ ወንጌላውያንም በዚህ አንድ ቃል የላቸውም። መካነ ኢየሱስ የምትቀበለው የ1530 የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ፣ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን ያወግዛል፤ «አንድ ጊዜ የዳነ ለዘላለም ዳነ» የሚለው አነጋገር ምንጩ ሌላ ነው። የተአምረ ማርያምን የታሪክ ምንጮች በተመለከተ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1943 ያሳተመው ጥናት በቂ ነው፤ ብዙዎቹ ታሪኮች ከላቲኑ ዓለም ተነሥተው በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ መግባታቸውን አሳይቷል።

ጠቡ ያለው ከሳሙኤል ጎባት ጋር ነው። የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሚስዮናዊ ከ1830 እስከ 1832 በትግራይና በጎንደር ቈይቶ ማስታወሻውን በ1834 በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በኋላም በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆነ። ጎባት ያየው ሕዝብ በጾም፣ በምጽዋትና በቅዱሳን አማላጅነት ተማምኖ ክርስቶስን የዘነጋ ነው። ኪዳን ከተሰጠው ሰው ሌላ ምንም የማይፈለግበት ዋስትና ነው የሚለው ሥዕል ከዚህ መጽሐፍ ወደ ኋለኞቹ ጸሐፊዎች ተሻግሯል፤ ዛሬም በአገር ውስጥ ሙግት ላይ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይደገማል።

ማስረጃው ግን ሲመረመር ይሳሳል። አንደኛ፣ የጎባት ምንጭ በዋናው ከካህናትና ከደብተራዎች ጋር ያደረገው የቃል ክርክር ነው። ጥያቄውን የሚያቀርበው እርሱ ነው፤ ጥያቄውም የተቀረጸው ሉተርና ሮም ሲሟገቱ ነው። በክርስቶስ ነው ወይስ በማርያም የምትድኑት ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ የትኛውንም ቢመልስ ከጠያቂው ሜዳ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። የጎንደር ሊቃውንት በቅባት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ተከፋፍለው ስለ ክርስቶስ ልደትና መቀባት ይወጋገዙ ነበር፤ ሙግቱ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተቋጨው ገና በ1878 ነው። ተናዳፊ ተከራካሪ በእንግዳ ፊት የሚናገረውን የአንድ ቤተ ክርስቲያን የጸና ትምህርት አድርጎ መውሰድ አያስኬድም። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፦ የኪዳን ትምህርት የሚታየው በገድላቱ፣ በቀብር ሥርዓትና በንስሐ አባትነት ሲሆን፣ የጎባት ድምዳሜ የቆመው በእነዚህ ላይ አይደለም።

ገድላቱ በዚህ ረገድ ያልተጠቀሙባቸው ምንጮች ናቸው። የላሊበላ ገድል ከፊሉ በዡል ፔሩሾን እጅ በ1892፣ የይምርሐነ ክርስቶስ ገድል በፓውሎ ማራሲኒ በ1995 ታትመዋል፤ የተነበቡት ግን በብዛት ለነገሥታት ታሪክ ነው። በገድል ሥርዓት ጻድቁ ከማረፉ በፊት ክርስቶስ ተገልጦ ኪዳን ይገባለታል፤ ምሕረቱም ስሙን ለጠራ፣ ዝክሩን ለዘከረ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ለሠራ፣ ገድሉን ላጻፈና ለሰማ፣ ለድሃ ላበላና ላጠጣ ይሆናል። ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀበል ሰው የለም፤ ሁሉም አንድ ነገር የሚያደርግ ነው። ኪዳኑ በጻድቁ ተጋድሎ የተከፈተ በር ሲሆን መግባቱ ለምእመኑ ፈቃድ ተትቷል።

የበላዔ ሰብእ ታሪክ የዚህ ንባብ ፈተና ሆኖ ይቀርባል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በጥርኝ ውኃ ዳነ፤ የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ሲከበር የሚተረከው ይኸው ነው። ይህን ለጎባት ወገን እንደ ማስረጃ የሚያቀርቡት መጨረሻውን ይዘው መካከሉን ይዘልላሉ። የተጠማው ድኩም በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በጻድቃን በሰማዕታት ስም ለመነው፤ አሁንም እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለመን ብቻ እጁን ዘረጋ። ተራኪው ሁለቱን እምቢታዎች ያስቀደመው በከንቱ አይደለም፤ እሺታው የራሱ የሰውየው መሆኑን ለማሳየት ነው። በሚዛኑ ላይ የወደቀው የእመቤታችን ጥላም ያረፈው በባዶ ወጭት ላይ ሳይሆን ጥርኙ ውኃ ባለበት በኩል ነው።

ወደ ቀብሩ ሥርዓት ሲመጣ ማስረጃው በዓይን ይታያል። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ በሚገኘው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ የዋግ ሹሞች የደረቀ አስከሬን በእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። በላስታ፣ በዋሻ ውስጥ ከተሠራው ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ደግሞ የብዙ ተሳላሚዎች አፅም ተከምሯል፤ በአንዳንዱ ላይ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር እንደደረቀ ነው። በትውፊቱ እነዚህ ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው በዚያው ያረፉ ናቸው። ቅዱስ ቦታ መቀበር ብቻውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ ለሟቹ ፍትሐት መድገም፣ በዐርባኛው ቀን ተዝካር ማውጣት ትርፍ ድካም በሆነ ነበር። ካህናትም ንስሐ አባት ያልያዘን ሰው ፍትሐት ሊከለክሉት ይችላሉ፤ ያ ሰው የተቀበረበት ደብር የቱንም ያህል ኪዳን ቢኖረው ክልከላው አይነሣለትም።

የሥርዓቱ መሠረት በመጽሐፍም አለ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 15 እግዚአብሔር ሰውን በገዛ ምክሩ እንደተወው፣ እሳትና ውኃም በፊቱ እንዳኖረለት፣ እጁን ወደ ወደደው እንዲሰድ እንደፈቀደለት ያስተምራል። ኤራስመስ በሉተር ላይ ከመጽሐፍ ያስቀደመው ጥቅስ ይኸው ነበር። ሲራክ ለተዋሕዶ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ሲሆን በፕሮቴስታንቱ ቀኖና ግን የለም፤ የሁለቱ ወገኖች ሙግት ብዙ ጊዜ የማይገናኘው በከፊል አንድ ገበታ ላይ ስላልተቀመጡ ነው።

ከዚህ ጋር የማይስማማ የሕዝብ አስተሳሰብ መኖሩ አይካድም። የአርባ ቀን ዕድል የሚባለው፣ የሰው ዕጣ አስቀድሞ የተቈረጠ ነው የሚለው እምነት፣ በሐዘን ቤትም በገበያም ይሰማል። ይህ ግን የኑሮንና የሞትን አጋጣሚ ለመቀበል የሚነገር ማጽናኛ ነው፤ ዕድሉ ነው ብሎ ሰውን ከኑዛዜ የሚያሰናብት ንስሐ አባት የለም።

የሚቀረው ተቃውሞ የትውልድ ኪዳን ነው። በርካታ ገድላት ምሕረቱ ለዘካሪው ልጆችና የልጅ ልጆች እንደሚተላለፍ ይናገራሉ፤ ያልተወለደ ልጅ ደግሞ አልመረጠም። ይሁንና ተስፋው ለአብርሃም ዘርም እንዲሁ ተነግሮ ነበር፤ ዔሳውም ከዚያው ዘር ነበር። ምናልባት ከታተሙት ገድላት ውጭ፣ በየደብሩ ዕቃ ቤት ባሉት ብራናዎች፣ ሌላ ዓይነት አነጋገር ይገኝ ይሆናል፤ በታተሙት ላይ ግን የዘካሪው ልጅ የአባቱን ዝክር ማስቀጠሉ አብሮ የሚጠበቅ ነው። በዋግ እንደሌላው ደጋ ሁሉ የአባት ጽዋ ለልጅ የሚተላለፈው ልጁ ተራው ሲደርስ ድግሱን ደግሶ፣ ጠላውን ጠምቆ ማኅበርተኛውን ሲቀበል ነው፤ ጽዋውን ያልተረከበ ልጅ በማኅበሩ አይቈጠርም።