የደም ዘበኞችና የጦር ዕቃቸው



እሾህ በወጋን በማግሥቱ ስፍራው ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይግላል፤ ያመናል። ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ በመጀመሪያው ምእት ዓመት እነዚህን አራት የብግነት ምልክቶች በመጽሐፉ መዝግቦአቸዋል። ሰውም ለረጅም ዘመን ብግነትን ሲያይ ያየው ሕመሙን ብቻ ነበር። ዛሬ የምናወሳላችሁ ይህ አሳብ እንዴት እንደ ተለወጠ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. ኢልያ ሜችኒኮፍ የተባለ ከሩሲያ የመጣ የእንስሳት ሊቅ በሲሲሊያ ደሴት በመሲና ከተማ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ቤተ ሰቡ ትርኢት ለማየት ሲሄዱ እርሱ ከማጉያ መነጽሩ ጋር ብቻውን ቀረ። የባሕር ኮከብ የሚባለው ፍጥረት እጭ ሰውነቱ እንደ ብርጭቆ ውስጡን ያሳያል። ሜችኒኮፍም ከአትክልቱ ስፍራ የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ በእጩ ሰውነት ውስጥ ሰካና እንቅልፍ ሳይወስደው ዐደረ። በማለዳ ቢመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኘ። እንግዲያው ብግነት የሰውነት መከላከያ ነው ሲል ፈረደ።

ብዙ ሊቃውንት ግን ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሙን ተሸክመው ያዛምታሉ እንጂ አይከላከሉም ብለው ተቃወሙት። ክርክሩ ከሃያ ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በ1908 የኖቤል ሽልማት ለእርሱና መከላከያው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ነው ከሚሉት ወገን ለነበረው ለጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ በአንድነት ተሰጠ። የሚያስደንቀው ነገር፥ ከነጭ ሕዋሳት በብዛት የሚበልጠውን በቀለም ነክሮ የለየው ራሱ ኤርሊኽ መሆኑ ነው፤ ገለልተኛውን ቀለም ስለሚቀበል ኒውትሮፊል ተባለ።

ይሁን እንጂ ይህ ዘበኛ ጀርሙን በምን ይገድለዋል? በ1941 ስዊድናዊው ሼል አግነር ከመግል ውስጥ አንድ አረንጓዴ ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። መግል ወደ አረንጓዴ የሚያደላው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ማይሎፐርኦክሲዴዝ የሚባለው ይህ ፕሮቲን፥ በሰውነታችን ጨው ውስጥ ካለው ክሎር በረኪናን የመሰለ መርዝ ይሠራል። ዲፌንሲን የሚባሉት ጥቃቅን ፕሮቲኖች የጀርሙን ሽፋን ይበሳሉ፤ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳትንም ለርዳታ ይጠራሉ። ኤላስቴዝ ደግሞ የጠላትን ፕሮቲን ይቈራርጣል። በ2004 በበርሊን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ኒውትሮፊል የገዛ የዘር ክሩን ከነዚህ ፕሮቲኖች ጋር እንደ መረብ ዘርግቶ ጀርም እንደሚያጠምድ አሳዩ።

ነገር ግን ይህ መሣሪያ ወዳጅን ከጠላት አይለይም። በ1963 ላውሬልና ኤሪክሰን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን፥ በደማቸው ውስጥ አንድ ፕሮቲን የጐደላቸውን ሰዎች አገኙ፤ ከእነርሱም መካከል ሳንባቸው ያለ ጊዜው የተበላሸ ነበሩ። በኋላ እንደ ታወቀው፥ የጐደለው ኤላስቴዝን የሚገታው ፕሮቲን ነው። ሰይፉ አፎት ስላጣ የቤቱን ባለቤት ቈረጠ። ትንባሆ የሚያጨስም ሰው ይህንኑ ጉዳት በገዛ እጁ ይጠራል፤ ጢሱ ኒውትሮፊሎችን ወደ ሳንባ ይስባል፤ የሚገታቸውንም ፕሮቲን ያደክማል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ ቁስላችሁ ሲያብጥ ስለ እናንተ የሚሞቱ ዘበኞች እንዳሉ አስቡ። እባጩን በጥፍር አትነካኩት፤ እብጠቱ ቢሰፋ፥ ትኵሳቱም ቢበረታ፥ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ። ዘበኛ የሚመሰገነው በመዋጋቱ ብቻ አይደለም፤ ጦርነቱ ሲያበቃ መሣሪያውን በማኖሩም ነው።