ከመውደቁ በፊት የነበረው ደቂቃ

ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ነቅቷል። ደም ግፊቱ ደህና፣ ኢሲጂው ደህና። እኛ የምንፈልገው ግን ሊወድቅ ሲል የነበረውን ነው፤ እሱ ደግሞ አልፏል። የክፍሌ ልጆች፣ በዙር ላይ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደተፋጠጥን መቼም አትረሱትም።

መሐንዲሶች ይህንኑ ጥያቄ ቀድመውን ጠይቀውታል። አውስትራሊያዊው ኬሚስት ዴቪድ ዋረን አባቱን እ.ኤ.አ. በ1934 በአውሮፕላን አደጋ ያጣ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ ኮሜት የተባሉት ጄቶች ሲከሰከሱ ምክንያቱን ተርፎ የሚናገር አልተገኘም። ዋረን ታዲያ የመጨረሻውን 4 ሰዓት ድምፅና የመለኪያ ንባብ በብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ፣ አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። አደጋው ቀረጻውን አያስጀምረውም፣ ያስቆመዋል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው።

እኛም ይህን በሐዘን አውቀነዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ያለቁበት የበረራ ቁጥር 302 መቅጃ፣ አውሮፕላኑ እንደተነሳ ከአየሩ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ፣ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ብሎ ሲያነብ እንደነበር አሳየ። ያ ንባብ ባይኖር ጥፋቱ በማን ላይ ሊላከክ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ያው ብልሃት ወደ ጥገና ጠረጴዛም ወረደ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የወጣው አጂለንት 34411ኤ ዲጂታል መልቲሜትር በሰከንድ እስከ 50,000 ንባብ ይወስዳል፤ እስከ 1 ሚሊዮን ያስቀምጣል። ትሪገሩ፣ ለምሳሌ ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ የሚመጣው ምልክት፣ ከመድረሱ በፊት የነበረው ስንት ንባብ እንዲቀር አስቀድሞ ይነገረዋል። እስከዚያው ይሞላል፣ ይደመስሳል፣ ይጠብቃል።

በአንድ ሆስፒታል ሌሊት ሌሊት እየጠፋ ያስቸገረን ሞኒተር ነበር። ነርሶች መሣሪያውን፣ ጠጋኞች ነርሶችን ይወቅሳሉ። የባዮሜዲካል ባለሙያው እንዲህ ያለ መለኪያ ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ጠዋት ሲታይ ቮልቴጁ በአንዴ አልጠፋም፤ ከዚያ በፊት ደጋግሞ ሲዋዥቅ ነበር። ሶኬቱ ተፈታ፣ የላላ ሽቦ ተገኘ።

በሕክምናው በኩል ኖርማን ሆልተር በአሜሪካ ሞንታና 38 ኪሎ ገደማ በሚመዝን፣ በጀርባ በሚታዘል ሬዲዮ ጀመረ፤ በ1961 ዘዴውን «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጣ። ግን በወር አንዴ የሚወድቅ ሰው ሆልተር ባሰረበት 24 ሰዓት ውስጥ ካልወደቀስ? በ1990ዎቹ ካናዳ ውስጥ ክላይንና ክራን የሞከሩት፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው መቅጃ የዋረንን መንገድ ይዟል፤ ታማሚው ነቅቶ ቁልፉን ሲያስነካው ወደኋላ ወደ 40 ደቂቃ የሚጠጋ የልብ ምት ይይዛል።

በየሆስፒታላችን ይህ መሣሪያ የለም። ስለዚህ ተማሪዎቼን፣ በሽተኛውን ያመጣውን ሰው ሳትጠይቁ እንዳታሰናብቱ እላቸዋለሁ። ቆሞ ነበር ወይስ ተቀምጦ? ላብ አጥምቆት ነበር? ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ይዞ የመጣ ወያላ እንዲህ አለን፦ «ኧረ ቁጭ ብሎ እያወራኝ ነበር እኮ፣ ድንገት ዝም አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።» ልጁን ያኔውኑ ለልብ ክትትል አስተኛነው።