አምስቱ «ማ»ዎች ከፋብሪካ እስከ መጋዘን

ካይዘን የጃፓን ቃል ሲሆን ትርጉሙ የማያቋርጥ መሻሻል ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለዚሁ ሥራ የጃፓንን ድጋፍ መጠየቃቸው ይታወሳል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

አሠራሩ የሚጀምረው አዲስ ማሽን በመግዛት ሳይሆን ብክነትን በመለየት ነው። ደረጃዎቹም በአማርኛ አምስቱ «ማ»ዎች ተብለዋል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ።

በ2013 ዓ.ም. የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ጉዳዩ ወደ አርሶ አደሩ ደጃፍ ቀረበ። ፓርኩ የታቀደው የአርሶ አደሩን ምርት በገጠር ሽግግር ማዕከላት በኩል እንዲቀበል ነው። እርጥበቱ ሳይለካ የተከመረ በቆሎ፣ ሳይበጠር የገባ ስንዴ፣ ቀድሞ ገብቶ ከኋላ ተቀብሮ የነቀዘ ጆንያ ፋብሪካ ሳይደርሱ የአባሉን ገቢ ይበላሉ።

ከአምስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው። መጋዘን በአንድ ቀን ዘመቻ ይጸዳል፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ ግን የየዕለት ሥራ ነው። ይህም ከገንዘብ ይልቅ የመጋዘን ሠራተኛውን ትጋት፣ የኮሚቴውን ክትትልና የአባሉን ጥያቄ ይፈልጋል።