በአሠር ስም ያልተቆጠረው አሠር፤ ስለ ከብት መኖ አመዛዘን የቀረበ የታሪክ ጥናት

ተልባ ወቅጣ በውኃ የበጠበጠች ሴት፥ ውኃው ወዲያው እየወፈረና እየተልገለገለ መሄዱን ታውቃለች። ያ ልጋግ ከዘይቱ የተለየ ነገር ነው፤ የዘሩ ቅርፊት ውኃ ሲያገኝ የሚለቀው አሠር ነው። አሠር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ጭድና ገለባ፥ ቃጫና እንጨት ስለ ሆነ፥ በውኃ የሚሟሟ አሠር አለ ቢሉን ነገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስለናል። ይኸው መደናገር በመኖ ሊቃውንት ዘንድ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ቆይቶአል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደ ሆነና በከብትና በዶሮ ርቢ ላይ ምን እንዳስከተለ ማሳየት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩን ከስኳር መጀመር ይቀላል። በ1747 ዓ.ም. አንድሬአስ ማርግራፍ የተባለው የበርሊን ኬሚስት፥ ከቢት ሥር ያወጣው ስኳር ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ጋራ አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ቢት እኛ ቀይ ሥር የምንለው አትክልት የቅርብ ዘመድ ነው። የማርግራፍ ደቀ መዝሙር ፍራንትስ ካርል አካርድ በ1801 ዓ.ም. በሲሌዥያ ኩነርን በሚባል ስፍራ በፕሩሲያ ንጉሥ ርዳታ የመጀመሪያውን የቢት ስኳር ፋብሪካ አቋቋመ። ናፖሊዮንም ከእንግሊዝ ጋራ በነበረው ጦርነት ምክንያት የአገዳ ስኳር ስለ ጠፋበት፥ በ1811 ዓ.ም. ባወጣው ትእዛዝ 32,000 ሄክታር መሬት ቢት እንዲዘራበት አደረገ። ይህን ሌሎች በሰፊው ጽፈውታል። እኛን የሚመለከተን ስኳሩ ሳይሆን ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ቅሪት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። የወንጂ ፋብሪካ በ1954 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገራችን የታወቀው ቅሪት የአገዳው ገለባ ነው፤ እርሱ እንጨትነት ስላለው ከመኖነት ይልቅ ለማሞቂያ እሳት ይመቻል። የቢት ቅሪት ግን ሌላ ነው። እንጨትነቱ እጅግ ጥቂት ሲሆን፥ ሲደርቅ ከክብደቱ ሩብ የሚያህለው ፔክቲን ነው። ፔክቲን የፍራፍሬ ማርማላታ እንዲረጋ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ስሙን ያወጣለትም በ1825 ዓ.ም. የናንሲው ኬሚስት ሄንሪ ብራኮኖ ነው።

ገበሬዎቹ የፔክቲንን ስም ሳያውቁ ቅሪቱን ለበሬዎቻቸው ሰጡ። ናፖሊዮን ሣልሳዊ በ1853 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ ወደምትገኘው ወደ ቫላንሲየን በመጣ ጊዜ፥ ለአቀባበሉ በቆመው ቅስት ላይ፥ ስኳር ከመምጣቱ በፊት በአውራጃው የሚደልበው በሬ 700 እንደ ነበረና ከዚያ ወዲህ ግን 11,500 እንደ ደረሰ ተጽፎ ነበር። ቅስት የሚቆመው ለውዳሴ ስለ ሆነ ቁጥሩን እንዳለ መቀበል አይገባም። ነገር ግን የእጥፉን ግማሽ እንኳ ብናምን ለውጡ ትልቅ ነው። በዚያ ዘመን ቢቱ እየተፈቀፈቀ በመጭመቂያ ይጨመቅ ስለ ነበር በቅሪቱ ውስጥ ብዙ ስኳር ይቀር ነበርና፥ ያደለበው ስኳሩ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በ1864 ዓ.ም. ዩልዩስ ሮበርት በሞራቪያ ቢቱን በስሱ ቆርጦ ስኳሩን በሙቅ ውኃ የማውጣትን ዘዴ ካቀረበ በኋላ፥ በቅሪቱ የሚቀረው ስኳር እጅግ አነሰ፤ ገበሬው ግን መኖውን አልተወም። በጉድጓድ እየቀበረ አኮመጠጠው፤ በኋላም ፋብሪካዎቹ እያደረቁ ሸጡለት።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጆን ዋርንስ የተባለ የኖርፎክ ገበሬ በ1846 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከውጭ የሚገዛውን ፋጉሎ ትቶ በራሱ ማሳ የበቀለውን ተልባ ማብላትን አስተማረ። ተልባው ተፈጭቶ በውኃ ሲፈላ ልጋጉ ይወፍራል፤ ከዱቄትና ከገለባ ጋራ ተለውሶ ለድልብ በሬ ይቀርባል። ጥጃን ከወተት ለማስጣልም የተልባ አጥሚት በብዙ የእንግሊዝ ቤቶች የታወቀ ነበር። የኛ ገበሬ ተልባን የሚዘራው ለቃጫው ሳይሆን ለፍሬው ስለ ሆነ ይህ ክፍል ከሌላው ይልቅ ይቀርበናል።

እንግዲህ ገበሬው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ላቦራቶሪው ምን አለ? ጌቲንገን አጠገብ ባለችው በቬንዴ የሙከራ ጣቢያ፥ ቪልሄልም ሄነበርግና ፍሪድሪክ ሽቶማን በ1860ዎቹ መጀመሪያ የመኖ መመርመሪያ ሥርዓታቸውን አወጡ። መኖው በቀጭን አሲድ ግማሽ ሰዓት፥ ከዚያም በቀጭን አልካሊ ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል፤ ሳይሟሟ የቀረው ይመዘንና አመዱ ተቀንሶ «ጥሬ አሠር» ይባላል። ውኃው፥ አመዱ፥ ስቡና ፕሮቲኑ ለየብቻ ይለካሉ። የእነዚህ ሁሉ ድምር ከመቶ ሲቀነስ የሚተርፈው «ናይትሮጅን የሌለው ሟሟ ክፍል» የሚል ስም ተሰጠው። ይህ የመጨረሻው ክፍል በቀጥታ የሚለካ ነገር አይደለም፤ በመቀነስ የሚገኝ ነው። ከስታርችና ከስኳር ጋራም አብሮ ይታሰብ ጀመር።

ፔክቲንም፥ የተልባ ልጋግም፥ ገብስ ውስጥ ያለው ቤታ-ግሉካንም በዚያ ቅቅል ይሟሟሉ። ስለዚህ ከአሠር መዝገብ ወጥተው በስታርች መዝገብ ገቡ። ሁለቱን ሊቃውንት መውቀስ አይገባም፤ ከእነርሱ በፊት አልብሬኽት ቴር መኖን ሁሉ ከድርቆሽ ጋራ እያስተያየ ይመዝን ነበርና የእነርሱ ሥርዓት ትልቅ እርምጃ ነበር። ጥፋቱ በኋላ የመጣው ተማሪ ሰንጠረዡን እንደ ተፈጥሮ ራሱ አድርጎ ማንበቡ ነው።

ሁለቱ የማይመሳሰሉ መሆናቸውን መጀመሪያ የገለጠው የከብት ጨጓራ ምርምር ነው። በ1944 ዓ.ም. የካምብሪጁ ጆሴፍ ባርክሮፍትና ጓደኞቹ፥ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ መኖው ሲብላላ የሚፈጠሩት አሲዶች በቀጥታ ወደ በጉ ደም እንደሚገቡ አሳዩ። ሮበርት ሀንጌት ደግሞ ማብላላቱን የሚሠሩትን ጥቃቅን ሕዋሳት ለይቶ ሲያሳድግ ቆይቶ ሥራውን በ1966 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ። ስታርች በብዛት ሲበላ ሕዋሳቱ ላክቲክ አሲድ ስለሚያበዙ ከብቱ ይታመማል። ፔክቲንም ፈጥኖ ይብላላል፤ ግን ላክቲክ አሲድን እንደዚያ አያበዛም፤ ጨጓራው ሲኮመጥጥም መብላላቱ ራሱ ይገታል። የሚበዛው አሴቲክ አሲድ ስለ ሆነ ለወተት ቅባት ይረዳል። በሰንጠረዡ ላይ እህል የሚመስለው የቢት ቅሪት በላሟ ጨጓራ ውስጥ እህል አልነበረም ማለት ነው።

በዶሮ ላይ ይኸው ስሕተት ተገልብጦ ታየ። ገብስ በሰንጠረዡ መሠረት ጫጩትን በደንብ ማሳደግ ነበረበት፤ ጫጩቶቹ ግን አላደጉም፥ ኩሳቸውም እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ጉዝጓዙን አበላሸው። በ1957 ዓ.ም. በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ተመራማሪዎች ገብሱ ላይ ኤንዛይም ሲጨመር፥ ወይም ገብሱ አስቀድሞ በውኃ ሲነከር፥ ጫጩቶቹ እንደሚያድጉ አሳተሙ። ኋላ እንደ ተረዳው ቤታ-ግሉካኑ በአንጀት ውስጥ ወፍሮ ሌላው ምግብ እንዳይፈጭ ይከለክል ነበር። ጫጩት የላም ጨጓራ የላትም፤ የሚሟሟውን አሠር ወደ ጥቅም የሚለውጥላት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ኤንዛይሙ በመኖ ንግድ ውስጥ የገባው በ1980ዎቹ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል መዘግየቱ ያስገርማል።

ፒተር ቫን ሱስት በ1960ዎቹ በአሜሪካ አሲዱንና አልካሊውን ትቶ በሳሙና መሰል ማጠቢያ የግድግዳውን አሠር ለየ። ይህ ለሣርና ለገለባ ምርመራ ትልቅ ነገር ሆነ፤ ፔክቲን ግን በማጠቢያውም ይሟሟልና እንደገና ከውጭ ቀረ። ለሚሟሟው አሠር የራሱ መለኪያ በላም መኖ ምርመራ የተበጀለት በ1990ዎቹ ነው። በ1995 ዓ.ም. ጊብሰንና ሮበርፍሩዋ «ፕሪባዮቲክ» የሚለውን ስም አወጡ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ለማሳደጊያ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ ሲከለክል፥ ከቺኮሪ ሥር የሚወጣው ኢኑሊንና የቢት ቅሪት ለአሳማ ግልገል መኖ ይበልጥ ተፈለጉ። ውጤቱ እንደ እንስሳው ዕድሜና እንደ መጠኑ ስለሚለያይ፥ የነጋዴውን ማስታወቂያ ሁሉ ማመን አይገባም።

በብዙ አገሮች የመኖ ጆንያ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ግን ዛሬም ከፕሮቲንና ከስብ ቀጥሎ የሚታተመው፥ ሄነበርግና ሽቶማን ቀቅለው ያስቀሩት «ጥሬ አሠር» ነው።