ሜቴክ ሲባል ምን ምን ማለት ነበር? ክፍሎቹ፣ ሥራቸውና ከተከፈለ በኋላ የሆነው

ስለ ህዳሴ ግድብ፣ ስለ ስኳር ፋብሪካ ወይም ስለ ያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ወሬ ሲነሳ «ሜቴክ» የሚለው ስም አይቀርም። ብዙዎቻችን ግን ሜቴክን እንደ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ነው የምናስበው። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። በአንድ ስም ሥር ጥይት የሚያመርትም፣ ትራክተር የሚገጣጥምም፣ ትራንስፎርመር የሚሠራም ነበር። የትኛው ክፍል ምን ይሠራ እንደነበር ካላወቅን፣ የጠፋው ገንዘብ እንዴት እንደጠፋም አይገባንም። ስለዚህ ዛሬ በየክፍሉ እናየዋለን።

አመሠራረቱ

የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) የተቋቋመው በ2002 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። የተፈቀደለት ካፒታል 10 ቢሊዮን ብር ነበር። ቀድሞ በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር የነበሩ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችና ሲቪል የመንግሥት ፋብሪካዎች በአንድ ላይ ተሰጡት። ዋና ዳይሬክተሩ ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ነበሩ። የተሰጠው ምክንያት የሚያሳምን ነበር፦ ቴክኖሎጂ ወደ አገር ውስጥ እናስገባ፣ የውጭ ምንዛሪ እናድን፣ መለዋወጫውን ራሳችን እንሥራ የሚል።

የመከላከያው ወገን

ሆሚቾ፦ ጥይትና ተተኳሽ የሚያመርተው ነው። ያለው በአምቦ አካባቢ ነው። ከአስኮ ወጥታችሁ ቡራዩን፣ ሆለታን እያለፋችሁ ብትሄዱ መንገዱ ወደዚያው ያደርሳችኋል።

ጋፋት፦ የነፍስ ወከፍ መሣሪያ የሚሠራው ነው። በደርግ ጊዜ «ፕሮጀክት 40720» ይባል ነበር። የዛሬ ስሙ የተወሰደው አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ካሠሩበት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ካለው ቦታ ነው።

ደጀን አቪዬሽን፦ ቢሾፍቱ ያለ፣ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችንና ሄሊኮፕተሮችን የሚጠግን ነው።

በሁለቱ መሀል ያሉት

ቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ፦ መነሻው የታንክና የወታደራዊ ተሽከርካሪ ጥገና ነው። በኋላ የጭነት መኪናና የከተማ አውቶቡስ መገጣጠም ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ «ቢሾፍቱ ባስ» እያልን የተሳፈርንባቸው የአንበሳ አውቶቡሶች የእሱ ናቸው።

ሃይቴክ ኢንጂነሪንግ፦ የኤሌክትሮኒክስና የመገናኛ ዕቃዎች ክፍል ነው። ሕዝቡ ብዙም የማያውቀው ይህንን ነው። የራዲዮ መገናኛ ለወታደርም ለሲቪልም ይሠራልና፣ ምስጢር የሚባለው የቱ ጋ እንደሚያበቃ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የኮምፒውተርና የኔትወርክ ጥበቃ የሜቴክ ሥራ አልነበረም። እሱ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም ድርሻ ነው። ዛሬ ኢመደአ የምንለው ማለት ነው።

የሲቪሉ ወገን

አዳማ የእርሻ ማሽነሪ፦ የድሮው የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ነው።

አቃቂ ቤዚክ ሜታልስ፦ የድሮው የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ።

ኅብረት ማኑፋክቸሪንግና ማሽን ቢዩልዲንግ፦ ማሽኖችንና የማሽን ክፍሎችን የሚሠራ።

የኃይል መሣሪያዎች ኢንዱስትሪ፦ ትራንስፎርመር የሚሠራው ነው። ያለው ለእኛ ለአስኮዎች ቅርብ በሆነው በታጠቅ ነው። ታጠቅን አዛውንቶች የሚያስታውሱት በ1969 ዓ.ም. ለሶማሊያው ጦርነት ሚሊሻ በሠለጠነበት ሰፈርነቱ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ጥይት በግልጽ ጨረታ አይገዛም፤ የትም አገር ምስጢር አለው። የስኳር ፋብሪካ ቦይለር ግን ምን ምስጢር አለው? ሜቴክ ውስጥ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ስለነበሩ፣ ለጥይቱ የተፈቀደው ዝምታ ለቦይለሩም ተረፈ። ሥራው ያለ ውድድር ይሰጠዋል፤ ሥራውን የሚሰጠውም መንግሥት፣ የሚሠራውም መንግሥት። «ዘገየህ፣ ሌላ እፈልጋለሁ» የሚል ደንበኛ አልነበረም።

የህዳሴ ግድብን እንውሰድ። ሜቴክ የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የሃይድሮ ሜካኒካል ሥራውን የወሰደው ከ25 ቢሊዮን ብር በላይ በሆነ ውል ነው። ከዚያ በፊት በዚህ መጠን ያለ የኃይል ማመንጫ ሠርቶ አያውቅም። ተርባይኑን ከፈረንሳዩ አልስቶም ጋር ተዋውሎ ነበር። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሥራው ሲነጠቅ ከ16 ቢሊዮን ብር በላይ ተከፍሎት ነበር፤ ሥራው ግን ከክፍያው እጅግ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ግድቡ በአንድ ተርባይን ማመንጨት የጀመረው የካቲት 2014 ዓ.ም. ነው፤ የተመረቀው ጳጉሜን 2017። ያ ሁሉ ዓመት ደመወዙን ቆርጦ ቦንድ የገዛው መምህርና ነርስ ሲጠብቅ ነበር።

ኅዳር 2011 ዓ.ም. የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጡት መግለጫ ተቋሙ በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ተናግረዋል። በዚያው ሰሞን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈን ጨምሮ በርካታ ኃላፊዎች ተያዙ።

ከተከፈለ በኋላ

በ2011 ዓ.ም. ሜቴክ ለሁለት ተከፈለ። እንደ ሆሚቾ፣ ጋፋትና ደጀን ያሉት ወደ መከላከያ ተመለሱ። የሲቪሉ ወገን «ብሔራዊ የብረታ ብረት ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን» ተባለ፤ በኋላ ደግሞ «ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ»። ስለዚህ ይህን ስም ዜና ላይ ስትሰሙ የድሮው ሜቴክ የሲቪል ግማሽ መሆኑን እወቁ።

ሁለቱን ማቀላቀል በራሱ ኃጢአት ነው እያልን አይደለም። የህንዱ ብሃራት ኤሌክትሮኒክስ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመከላከያ ሚኒስቴሩ ሥር ያለ ድርጅት ነው። ራዳር ይሠራል፤ ህንዶች ድምፅ የሚሰጡበትን የምርጫ ማሽንም ይሠራል። ግን አክሲዮኑ በገበያ ይሸጣል፤ ሒሳቡን በየዓመቱ አስመርምሮ ለሕዝብ ያወጣል። ምስጢሩ መሣሪያው ላይ ነው፤ ሒሳቡ ላይ አይደለም።

እንግዲህ የመንግሥት ድርጅት ትልቅ ሥራ ወሰደ ሲባል ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ሥራውን የወሰደው የትኛው ክፍል ነው? ተወዳድሮ ነው ወይ ያገኘው? ሒሳቡንስ ማን ይመረምረዋል? ለጥይት ፋብሪካው «ምስጢር ነው» ቢሉን እንረዳለን። ለትራክተር፣ ለትራንስፎርመርና ለአውቶቡስ ግን ይህ መልስ አይሆንም፤ የከፈልነው እኛ ነንና።